ያገለገሉ ቴምብሮችን ከሻጋታ ማዳን፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር በሱሉልታ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 9

አጎቴ ለሠላሳ ዓመት ያህል በፖስታ ሣጥናቸው ከደረሷቸው ደብዳቤዎች ላይ እየቆረጡ ያጠራቀሟቸውን ቴምብሮች ዛሬ ከአልጋ ሥር አውጥቼ ስከፍት፣ ከቴምብሮቹ በፊት ሽታቸው ተቀበለኝ። ስብስቡ ሁለት ወፍራም ስቶክ ቡክ (ቴምብር ሳይለጠፍ የሚሰካበት ባለኪስ ደብተር)፣ ከነፖስታ ወረቀታቸው የተቆረጡ ቴምብሮች የሞሉበት አንድ የጫማ ካርቶን እና ድርብ የሆኑት የተለዩባቸው ሃያ የሚሆኑ ትንንሽ ኤንቨሎፖች ናቸው። ፒያሳ በነበረው ቤት፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ወለል ላይ፣ ስንት ክረምት ያለ አንዳች ጉዳት አሳልፈዋል። ባለፈው ጥር ወደ ሱሉልታ ስንዛወር ግን እኔ ሊሾ ወለል ላይ፣ ያውም ከሰሜኑ የውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቄ አስቀመጥኳቸው፤ የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ እንደሚተኛበት እያወቅኩ ያደረግኩት ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሁለተኛው ስቶክ ቡክ አራተኛ ገጽ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የያዘች አንዲት የ10 ሳንቲም ቴምብር አለች። ከፊት ለፊት ስትታይ ምንም ጉዳት የላትም። የእጅ ባትሪዬን ከገጹ ጎን አስተኝቼ ሳበራ ግን በጥርሶቿ (በጠርዟ ዙሪያ ባሉት ትንንሽ ቅርጾች) መካከል እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ግራጫ ጸጉር ቆሞ ታየኝ፤ በወረንጦ ስገለብጣት ደግሞ ሙጫው በደንብ ሳይታጠብ በቀረበት በታችኛው ጠርዝ በኩል ሻጋታው ክብ ሠርቶ ተንሰራፍቷል። ማኅተሙ ላይ ያለው «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ገጽ መብራቱን ከጎን አስተኝቼ እንጂ ከላይ አብርቼ ላለማየት ወሰንኩ፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጀማሪ ሻጋታን አያሳይም።

ያገለገለ ቴምብር ሙጫው ስለታጠበ አይሻግትም የሚል እምነት ነበረኝ። የድሮ ቴምብሮች ሙጫ በአብዛኛው የግራር ሙጫ ወይም ከስታርች የሚሠራ ዴክስትሪን ስለሆነ ለሻጋታ ምግብ ነው፤ በእጥበት ጊዜ ጥቂት ከቀረ ያ ጥቂቱ ይበቃል። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ቢለቅ እንኳ ወረቀቱ ራሱና ወረቀቱን ለማጠንከር የተጨመረው ስታርች ወይም ጄላቲን ይቀራል።

ሰኔ 11

የሻጋታ ብናኝ ቤት ውስጥ ከተበተነ ወደ ጤነኞቹ ገጾችም ወደ ሳንባም ስለሚገባ ሥራውን ወደ በረንዳ አወጣሁት። ኤን 95 ማስክና ጓንት አድርጌ፣ ነፋስ ባልነበረበት ጠዋት፣ ቴምብሮቹን አንድ በአንድ በሦስት ከፈልኳቸው፦ ንጹሖቹን፣ ሻጋታቸው የደረቀውን እና ሻጋታቸው ሕያው የሆነውን። መለያው ቀላል ነው፤ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ጫፍ ሲነካ እንደ ዱቄት የሚቦን ከሆነ ደርቋል፣ የሚላቀቅ ሳይሆን እንደ ቅባት የሚዘረጋ ከሆነ ግን ገና በማደግ ላይ ነው። ሕያው የሆነውን መቦረሽ ብናኙን ወደ ወረቀቱ ክሮች ውስጥ ከማሸት ውጪ ጥቅም ስለሌለው መጀመሪያ መድረቅ አለበት።

ከ2,160 ቴምብሮች 214ቱ ላይ ምልክት አገኘሁ፤ ከእነዚህ 61ዱ ሕያው ሻጋታ አላቸው። እነዚህን 61ዱን በመምጠጫ ወረቀት መካከል አድርጌ አፉ ባልታሸገ የወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ለየኋቸው፤ ፌስታል ውስጥ ማሰር እርጥበቱን አብሮ ማሰር ነው።

ጎረቤታችን ያሉ እናት ሥራዬን አይተው «ፀሐይ ላይ አስጣቸው እንጂ ልጄ፤ እህሉስ የሚድነው በምን ሆነና» አሉኝ። ምክራቸው ለብርድ ልብስና ለእህል ትክክል ነው፤ የቴምብር ቀለም ግን ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው ነፋስ ባለበት ጥላ ብቻ ተጠቀምኩ። ቅሬታ እንዳይገባቸው ምክንያቱን አስረዳኋቸው።

ሰኔ 16

የእርጥበት መለኪያ ከመርካቶ በ950 ብር ገዛሁ። ከመጠቀሜ በፊት ትክክለኛነቱን በጨው ፈተንኩት፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ ንጹሕ የገበታ ጨው አድርጌ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት፤ ከዚያ ከመለኪያው ጋር በጥብቅ በሚዘጋ ማሰሮ ውስጥ አሳደርኩት። በእንዲህ ያለ ማሰሮ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ) በቤት ሙቀት 75 በመቶ ይሆናል። የእኔ መለኪያ 81 አለ። ስለዚህ ከሚያሳየኝ ቁጥር ሁሉ 6 እቀንሳለሁ፤ ከዚህ በታች የተጻፉት ቁጥሮች በሙሉ የተስተካከሉ ናቸው።

አልጋ ሥር 83፣ ጠረጴዛ ላይ 76፣ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ያለው ቁም ሣጥን መካከለኛ መደርደሪያ ላይ 71 አገኘሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ የ12 ነጥብ ልዩነት አለ። ሻጋታ በወረቀት ላይ ማደግ የሚጀምረው እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከ80 በላይ ሲሆን በቀናት ውስጥ ይታያል። የያዝኩት ዒላማ 50 ነው።

መለኪያ ለሌለው ሰው የወጥ ቤት ጨው ይበቃል። ንጹሕ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው ከ75 በመቶ በላይ ነው፤ በገበያ የሚሸጠው ያልተጣራ ጨው ሌሎች ማዕድናት ስላሉበት ቀደም ብሎ ይረጥባል። ሰኔ ላይ ጨው ጓጉሎ ማንኪያ ሲይዝ፣ በዚያው ቤት ያለ ወረቀትም ውሃ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ለዓመታት ይህን በየክረምቱ እያየሁ ከቴምብሮቹ ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ሰኔ 23 – 29

በጫማ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ከፖስታ ወረቀታቸው ማላቀቅ ጀመርኩ። የጉድጓድ ውሃችን ብረት ስላለበት ነጭ ጨርቅ ያወይባል፤ ብረት ደግሞ በወረቀት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያባብሳል። በዚህ ምክንያት ለመጨረሻው እጥበት የተጣራ የባትሪ ውሃ ለመግዛት ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ያቀበለኝ በተመሳሳይ ዕቃ የተሞላ የባትሪ አሲድ ነበር፤ ጽሑፉን ባላነብ ኖሮ ስብስቡ በአንድ ሳህን ያልቅ ነበር። አራት ሊትር በ240 ብር ገዛሁ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ፣ በአንድ ጊዜ ከሃያ የማይበልጡ ቴምብሮች፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ቴምብሩ ራሱ ተንሸራቶ እስኪለቅ መጠበቅ እንጂ መላጥ አይገባም፤ እርጥብ ወረቀት በትንሽ ጉተታ ይቀደዳል። ከለቀቀ በኋላ በሁለተኛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጀርባውን በጣት እዳስሳለሁ። እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ከሆነ ሙጫው ስላልለቀቀ ወደ ውሃው ይመለሳል። አጎቴ ይህን ሁለተኛውን እጥበት ይዘሉት እንደነበር ከጀርባዎቹ ይታያል፤ ሻጋታውም የጀመረው እዚያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ለመፍጠን ብዬ 38 ቴምብሮችን አንድ ላይ ዘፈዘፍኩ። ከመካከላቸው አንዱ ወረቀት ላይ ሐምራዊ የጎማ ማኅተም ነበረበት፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለወጠ፣ 11 ቴምብሮችም ቀለሙን ጠጡት። ጥቁሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ውሃ ይችላል፣ ሐምራዊው ግን አይችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ባለቀለም ማኅተም፣ ቀይ ኤንቨሎፕና ቡናማ የካኪ ወረቀት አስቀድሜ በረጠበ ጥጥ ጥግ ላይ እየነካሁ እፈትናለሁ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ለብቻው ይዘፈዘፋል ወይም ጨርሶ አይነካም።

ሦስት ዓይነት ቴምብሮችን ሳልዘፈዝፍ ተውኩ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ስቲከር የሚለጠፉት አዳዲስ የውጭ አገር ቴምብሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ በውሃ ስለማይለቁ ዙሪያቸውን 5 ሚሊ ሜትር ወረቀት አስተርፌ ቆረጥኳቸው። ሁለተኞቹ ማኅተማቸው ከቴምብሩ ወጥቶ በፖስታው ወረቀት ላይ ያረፈ ናቸው፤ ቀኑና ከተማው በሁለቱ ላይ ተከፍሎ ስለሚነበብ ማላቀቅ ታሪኩን መቁረጥ ነው። ሦስተኞቹ አጎቴ በተለየ ኤንቨሎፕ ያኖሯቸው ሁለት የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ውስጥ ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓይነቶች ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የምኒልክን ምስል፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ የሆኑት ሦስቱ ደግሞ የይሁዳ አንበሳን ይይዛሉ፤ እኛ ዘንድ ያሉት የግማሽና የ1 ግርሽ ናቸው። ከዕድሜያቸው የተነሣ ለእነሱ ደረቅ ብሩሽ እንኳ በቂ ድፍረት ነው።

ሐምሌ 1

የታጠቡት ቴምብሮች በመምጠጫ ወረቀት ላይ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው አንድ ሌሊት አደሩ፤ በማግስቱ በከባድ መጻሕፍት ሥር ተጫኑ። ሲዳሰሱ ደረቁ። አዲስ የገዛሁት 40 ሊትር የሚይዝ ባለጎማ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥን (1,100 ብር) ውስጥ ከስቶክ ቡኮቹ ጋር አስገብቼ ዘጋሁት።

ሐምሌ 19

ሣጥኑን ስከፍት ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠባጠበ። ውስጡ 84 በመቶ ነው፤ ከክፍሉ ይበልጣል። ጤነኛ ብዬ ካስገባኋቸው ውስጥ 29 ቴምብሮች ሻግተዋል።

ስህተቱን ለመረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። «ደረቀ» ያልኩት በእጄ ስዳስሰው ነው፤ በ78 በመቶ አየር ውስጥ የደረቀ ወረቀት ግን የደረቀው እስከዚያ አየር ድረስ ብቻ ነው። ክዳኑን ስዘጋ ያንን እርጥበት ከነወረቀቱ አሰርኩት። ቀን የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ወረቀቱ ውሃውን ወደ ሣጥኑ አየር ይለቃል፣ ሌሊት የሱሉልታ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ያው ውሃ በቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይጤዛል። ጥሩ ሣጥን ለእርጥብ ወረቀት ከክፍት መደርደሪያ የከፋ ነው። ይህን ለማወቅ 29 ቴምብሮች መክፈሌ ያሳዝነኛል፤ አራቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጡት የወፎች ቴምብሮች ናቸው።

ሐምሌ 25

ሩዝ ሞከርኩ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሩዝ በጨርቅ ቋጥሬ አስገባሁ፤ በስድስት ቀን እርጥበቱ ከ84 ወደ 81 ብቻ ወረደ። ቋጠሮው ውስጥ ነቀዝ አገኘሁ፤ የሩዙ ብናኝም ስታርች ስለሆነ ለሻጋታ ተጨማሪ ምግብ ነው። አወጣሁት። ጨው እንድጨምር የመከረኝም ነበር፤ ንጹሕ ጨው ግን ከ75 በታች ውሃ አይስብም፣ ከ75 በላይ ሲስብ ደግሞ ራሱ ቀልጦ ስለሚፈስ ለወረቀት አደጋ ነው።

ነሐሴ 8

ሲሊካ ጄል የተባለውን እርጥበት መጣጭ ጠጠር ከመግዛቴ በፊት ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ አሰላሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት የሣጥኑን አየር ነበር። 40 ሊትር አየር በዚህ ሙቀትና እርጥበት የሚይዘው ውሃ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ለዚህ አንድ ትንሽ ከረጢት ይበቃል። ውሃው ያለው ግን ወረቀቱ ውስጥ ነው። ወረቀት ከ80 በመቶ እርጥበት ወደ 50 ሲወርድ ከክብደቱ 4 በመቶ ያህል ውሃ ይለቃል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በወጥ ቤት ሚዛን 2.9 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ወደ 120 ግራም ውሃ፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል፣ መውጣት አለበት። ሲሊካ ጄል በ50 በመቶ እርጥበት ከክብደቱ ሩብ ያህል ስለሚይዝ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ያስፈልጋል። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት የ2 ግራም ከረጢቶች ለምን ምንም እንዳልጠቀሙኝ አሁን ግልጽ ሆነልኝ።

አንደኛውን ስቶክ ቡክ ለብቻው መዘንኩት፦ 1,186 ግራም። ከዛሬ ጀምሮ ድርቀቱን የምከታተለው በመለኪያው ብቻ ሳይሆን በዚህ ክብደት ነው።

ነሐሴ 12

አንድ ኪሎ ሰማያዊ ሲሊካ ጄል በ1,400 ብር ገዛሁ። ሰማያዊው ሲረጥብ ወደ ሮዝ ይለወጣል። የገዛሁት ከመድረሱ ግማሽ በግማሽ ሮዝ ስለነበር ለምግብ በማይውል አሮጌ ትሪ አድርጌ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አደረቅኩት፤ እሳቱ በዛና እየተንጣጣ ተሰነጣጠቀ፣ ከፊሉም ጠቆረ። ወደ 300 ግራም ተበላሸ። መጠኑ በ120 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የቀረውን በትንሽ ኦቭን በቴርሞሜትር እየተከታተልኩ አደረቅኩት። ሁለት ጊዜ መብራት ስለሄደ ሥራው እስከ ማታ ቆየ። ሰማያዊው ቀለም የሚገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ስለሆነና ብናኙ ለጤና ስለማይመች በቀጣዩ ግዢ ብርቱካናማውን እመርጣለሁ፤ እስከዚያው ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይገናኝም፣ ልጆችም አይደርሱበትም።

ነሐሴ 14 – ጳጉሜን 2

ሻጋታ ያለባቸውን በሌላ ሣጥን ለይቼ፣ ስቶክ ቡኮቹን ገጾቻቸው እንዲራራቁ አቁሜ ዘርግቼ፣ ጄሉን በሁለት የጥጥ ከረጢት ከላይና ከታች አኖርኩ። ከረጢቶቹ ቴምብር አይነኩም።

በሦስተኛው ቀን 74፣ በሰባተኛው 63፣ በአሥራ አንደኛው 57። ጄሉን ሦስት ጊዜ አውጥቼ አደረቅኩት። ጳጉሜን 2 ቀን 52 ላይ ቆመ፤ ስቶክ ቡኩ 1,148 ግራም መዘነ። ውጭው በዚያን ሰሞን ከ80 በታች ወርዶ አያውቅም።

መስከረም 21

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ስለጠራ የቦታ ሥራውን ጨረስኩ። ቁም ሣጥኑን ከውስጠኛው ግድግዳ በ10 ሴንቲ ሜትር አራቅኩት፤ ሣጥኖቹ በመካከለኛው መደርደሪያ፣ ከወለል አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተቀመጡ። ከወጥ ቤትና ቡና ከሚፈላበት ክፍልም አራቅኳቸው፤ እንፋሎትም የእጣን ጭስም ለወረቀት አይስማማም። ስቶክ ቡኮቹ እንደ መጽሐፍ ቆመው እንጂ ተደራርበው አይተኙም፤ ሲደራረቡ የታችኞቹ ስለሚጫኑ አየር አያገኙም፣ የተረፈ ሙጫ ያለውም ከገጹ ጋር ይጣበቃል።

በአንደኛው ስቶክ ቡክ መጨረሻ አጎቴ የጨመሯቸው ለስላሳ የፕላስቲክ ኪሶች ነበሩ። ሽታቸው እንደ አዲስ የዝናብ ካፖርት ነው፤ ከአንዱ ውስጥ ያወጣኋት ቴምብር ቀይ ቀለሟ በፕላስቲኩ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ኪሶቹ የተሠሩበትን ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚጨመረው ዘይት የሕትመት ቀለም ስለሚያሟሟ እነዚህን ኪሶች በሙሉ አስወገድኩ። ድርብ የሆኑትን ግላሲን ከተባለ ስስ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ወደተሠራ ኤንቨሎፕ፣ ዋና ዋናዎቹን ወደ ፖሊስተር ኪስ አዛወርኩ። ግላሲን ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ ያለ ደረቅ ሣጥን ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ጥቅምት 15

አሁን 90ዎቹ (61ዱ የመጀመሪያዎቹና 29ኙ በእኔ ስህተት የተጨመሩት) ሙሉ በሙሉ ደርቀዋል። በረንዳ ላይ፣ ማስክ አድርጌ፣ ብናኙን ከመሃል ወደ ጠርዝ ቦረሽኩት። የቀረው እድፍ ነው።

ለእድፉ በረኪና የሚጠቀሙ አሉ። ዋጋ በሌለው አንድ ድርብ ቴምብር ላይ በጣም አቅጥኜ ሞከርኩት፤ ቡናማው ነጠብጣብ ደበዘዘ፣ የቴምብሩም አረንጓዴ አብሮት ሄደ፣ ሲደርቅ ጥርሶቹ በወረንጦ ንክኪ መርገፍ ጀመሩ። ቲሞል የተባለውን ክሪስታል ማጠን እንደምችልም ተነግሮኝ ነበር። ቀደም ሲል በሰፊው ይሠራበት የነበረ ቢሆንም ጭሱ ለሰው ጤና ጎጂ ነው፣ አንዳንድ ቀለምና ፕላስቲክም ያለሰልሳል፤ ከዚያም በላይ ቦታው እርጥብ ከሆነ ሻጋታው ተመልሶ ስለሚመጣ አልፈለግኩትም። እድፉን እንዳለ ትቼዋለሁ። እድፍ ያለበት ቴምብር አሁንም ቀኑንና ከተማውን ይነግረኛል፤ የነጣ ግን አይነግረኝም።

ኅዳር 11

ነገ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ስለሚሸፈን የዓመቱን ሁለተኛ ፍተሻ ዛሬ ጨረስኩ። ባትሪውን ከጎን አስተኝቼ ሁሉንም ገጽ አየሁ። አዲስ ሻጋታ የለም። ከ90ዎቹ 73ቱ ወደ ስቶክ ቡክ ተመልሰዋል፤ ከእነሱም አንዷ የአራተኛው ገጽ የ10 ሳንቲም ቴምብር ናት፤ በታችኛው ጠርዟ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ጥላ ቀርቶባታል። 17ቱ ወረቀታቸው ስለበሰበሰ አልዳኑም፤ በተለየ ኤንቨሎፕ ዝርዝራቸውን ጽፌ አስቀመጥኩ። የተመለሱት ለአንድ ዓመት በመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ብቻ፣ ከሌሎቹ ተለይተው ይቆያሉ።

ስቶክ ቡኩ 1,141 ግራም፣ ሣጥኑ 48 በመቶ። ከ45 በታች እንዳይወርድ አንዱን የጄል ከረጢት አወጣሁ፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ይሰባበራልም። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው በክዳኑ ላይ በወረቀት ለጥፌአለሁ። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት፣ የካቲት 15 ቀን፣ ጄሉ ደርቆ ይገባል፤ መለኪያውም በጨው እንደገና ይፈተናል።